ከቁፋሮው በፊት የተከፈተ መዝገብ፦ የሲያትል የፍሳሽ ግንባታና የክትትሉ ታሪክ

በ1964 በጋ በዋሽንግተን ሐይቅ ዙሪያ ምድሩ ይታረስ የነበረው በቁፋሮ ማሽን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሐይቁ ዳር ዳር ትልልቅ የኮንክሪት ቱቦዎች ይቀበሩ ነበር። የጎዳናዎች አስፋልት ተገሽልጧል፤ የባለ ሐይቅ ዳር ቤቶች ደጃፍ በአፈር ክምር ተዘግቷል። በዚያው ወቅት ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ሰዎች በጀልባ ወደ ሐይቁ መካከል ቀዝፈው የሳህን ያህል ስፋት ያላት ነጭ ሰሌዳ በገመድ አስረው ወደ ውሃው ያወርዱ ነበር። ሰሌዳዋ ከዓይን የምትሰወርበት ጥልቀት የውሃው የመጥራት ልክ ነው። በዚያ ዓመት ሰሌዳዋ አንድ ሜትር እንኳ ሳትወርድ፣ በ76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ትጠፋ ጀመር። ሐይቁ እንዲህ ደፍርሶ ተመዝግቦ አያውቅም።

ነገሩን ለገንዘብ ከፋዩ ሕዝብ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ሕዝቡ ሐይቁን ለማዳን ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሚፈጅ ሥራ እሺ ብሎ ድምፅ ከሰጠ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ቁፋሮው ከተጀመረም ቆይቷል። ሐይቁ ግን ከድሮው ይልቅ ከርፍቷል፤ ጋዜጠኞችም የገማ ሐይቅ እያሉ ይሳለቁበት ነበር። ለተመልካች ዓይን የሚታየው ማስረጃ ሁሉ ሥራው ከንቱ ነው ይል ነበር። ሥራው ግን አልተቋረጠም። ያልተቋረጠበት ምክንያት ከ30 ዓመት በፊት፣ ማንም ስለ ፍሳሽ ማስወገጃ ግንባታ ሳያስብ፣ በተጀመረ መዝገብ ላይ ተጽፎ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ነገር ይኸው ነው፦ የግንባታ ተፅዕኖ ክትትል በግንባታው ቀን አይጀመርም፤ ዋጋው የሚመዘነው ከመጀመሪያው አካፋ በፊት ማን ምን እንደለካ በማየት ነው። ሲያትል ይህን የተማረችው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ሁሉን ቦታ እኩል ለክታም አታውቅም።

ያለ መዝገብ የተሠራ ሥራ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ኋላ እንመለስ። ከ1892 እስከ 1911 የከተማይቱ ዋና መሐንዲስ የነበረው አር. ኤች. ቶምሰን ኮረብታ የሚንድ፣ ወንዝ የሚያዞር ሰው ነበር። ሰሜናዊውን የከተማ ክፍል የሚያፈስሰው ታላቁ የሰሜን ግንድ መስመር የተነደፈው በእርሱ ዘመን ነው። መስመሩ ከመሬት በታች ብዙ ሜትር ወርዶ፣ በፎርት ሎተን የጦር ሰፈር ሥር በዋሻ አልፎ፣ ያልተጣራ ፍሳሽን ዌስት ፖይንት በተባለው የባሕር ምላስ ላይ ወደ ፑጀት ሳውንድ ይደፋ ነበር። ለዘመኑ ታላቅ የምሕንድስና ሥራ ነበር፤ ይህን መንፈግ ተገቢ አይደለም። ከዋሻው በላይ ያለው ምድር ምን ያህል እንደሚሰምጥ፣ በባሕሩ ዳር ያለው ዓሣና ዛጎል ምን እንደሚሆን የጠየቀ ግን አልነበረም። በዘመኑ ባሕር ማለት የሚፈስሰውን ሁሉ ተቀብሎ የሚያጠፋ ነገር ነበርና።

መልሱ የመጣው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ኅዳር 11 ቀን 1957 በራቬና ጎዳና ላይ መሬቱ ተደርምሶ ሰፊ ጉድጓድ ተከፈተ። ከ40 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ የተቀበረው ያው የሰሜን ግንድ መስመር ተሰብሮ፣ በዙሪያው ያለውን አሸዋ ጥቂት በጥቂት እየጠባ ወደ ባሕር ሲሸኝ ኖሮ ነበር። ለመጠገን ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። አሸዋው እየተጠባ ሳለ ከላይ ሆኖ የመሬቱን ከፍታ የሚለካ ሰው ቢኖር ኖሮ ሳይቃጠል በቅጠል በሆነ ነበር።

ወደ ሐይቁ እንመለስ። የሐይቁ ታሪክ በአንድ ነገር ከባሕሩ ይለያል፤ ሐይቁን የሚያውቁት ሰዎች ነበሩ። በ1933 ቪክተር ሼፈርና ሬክስ ሮቢንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የዋሽንግተን ሐይቅን ሙቀት፣ ኦክሲጅን፣ ማዕድንና ረቂቅ ሕይወት እየተመላለሱ መመዝገብ ጀመሩ። ዓላማቸው የፍሳሽ ጉዳይ አልነበረም፤ ዕውቀት ብቻ ነበር። በ1950 ሌሎች ሁለት የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ያንኑ ሐይቅ በተመሳሳይ መንገድ ደግመው መረመሩት። በእነዚህ ሁለት መዝገቦች መካከል ሲያትል ጥሬ ፍሳሿን ከሐይቁ አንሥታ ወደ ባሕር መልሳ ነበር፤ ሆኖም ከ1941 ጀምሮ በሐይቁ ዙሪያ የበቀሉት አዳዲስ ሰፈሮች የየራሳቸውን ማጣሪያ ጣቢያ እየሠሩ የተጣራውን ውሃ ወደ ሐይቁ ይለቁ ጀመር። በ1950ዎቹ አጋማሽ የጣቢያዎቹ ቁጥር 10 ደርሶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ስውር ነገር አለ። ጣቢያዎቹ ፍሳሹን ያጣሩ ነበር፤ የሚወጣው ውሃ ለዓይን የጠራ፣ ለአፍንጫም የማይከብድ ነበር። ነገር ግን ፎስፈረስ የተባለው ንጥረ ነገር በማጣሪያው ሾልኮ ያልፋል። ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆነው ይኸው ንጥረ ነገር ሐይቅ ውስጥ ሲገባ የሚያዳብረው አልጌን ነው። በ1955 ከሐይቁ በተቀዳ ናሙና ውስጥ ኦሲላቶሪያ ሩቤሰንስ የሚባል ቀይ ቀለም ያለው ረቂቅ ሕይወት ተገኘ። ይህ ስም ለሐይቅ ሊቃውንት እንደ መርዶ ነጋሪ ነበር፤ የስዊዘርላንዱ የዙሪክ ሐይቅ ከመበላሸቱ ጋር የታየው ያው ነበርና። የዩኒቨርሲቲው የሥነ እንስሳት ሊቅ ደብሊው. ቲ. ኤድመንድሰን የ1933ን እና የ1950ን መዝገቦች ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ ሐይቁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደሚከረፋ ተነበየ። ፍሳሹ ከተወገደለት ደግሞ ፈጥኖ እንደሚያገግም ጨምሮ ተናገረ። የሁለተኛው ትንቢት ድፍረት ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ያኔ የታመመ ሐይቅ ይድናል ብሎ የሚያምን ብዙ አልነበረም።

ጂም ኤሊስ የተባለ ወጣት ጠበቃ በዚያን ጊዜ የአካባቢውን ከተሞች በአንድ የፍሳሽ ተቋም ሥር ለማሰባሰብ ይደክም ነበር። ኤድመንድሰን ጻፈለት፤ ሁለቱ ተዋወቁ። ኤሊስ የሳይንቲስቱን ቁጥሮች ወደ ሕዝብ ቋንቋ መለሳቸው። በመጋቢት 1958 የቀረበው የመጀመሪያ ሐሳብ በሲያትል ውስጥ ቢያልፍም በዳር ከተሞች ወደቀ፤ የትራንስፖርት ሥልጣን አብሮ መጠየቁ አስፈርቷቸው ነበር። ሐሳቡ ፍሳሽን ብቻ እንዲመለከት ተቀንሶ በመስከረም ወር ዳግም ቀረበና አለፈ። ሜትሮ የሚባለው ተቋም የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። በሁለቱ ድምፆች መካከል የነበረው በጋ ሞቃታማ ነበር፤ የመዋኛ ዳርቻዎችም በብክለት ምክንያት ተዘግተው ነበር። ሙቀቱ ከቅስቀሳው ያላነሰ ሥራ ሠርቷል ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ፍሳሽ ከሐይቁ የተቀለበሰው በ1963፣ የመጨረሻው በ1968 ነው። እነዚህ አምስት ዓመታት በግንባታ ክትትል ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ ይገባቸዋል። ጣቢያ በተዘጋ ቁጥር ኤድመንድሰንና ተማሪዎቹ ሐይቁን ይለኩ ነበር። በ1964 ሰሌዳዋ በ76 ሴንቲ ሜትር ስትጠፋ፣ መዝገቡን የያዘው ሰው ያን መከራ አስቀድሞ ተናግሮት ነበር፤ ፍሳሹ ሁሉ እስኪቀለበስ ሐይቁ መባሱ የሥራው ውድቀት ምልክት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሰሌዳዋ መውረድ ጀመረች። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሦስት ሜትር ገደማ ደረሰች፤ ከ1976 ወዲህም በበጋ ከስድስት ሜትር በላይ ትታይ ጀመር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በዓለም ላይ የተሰማው ግን ሌላ ቁጥር ነው። በዚያ ዘመን የሳሙና አምራቾች የአልጌ መንሥኤ ፎስፈረስ አይደለም፣ ካርቦን ነው፣ ናይትሮጅን ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር። ኤድመንድሰን በ1970 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ መልሱን አወጣ፦ ፍሳሹ ከተቀለበሰ በኋላ በሐይቁ ያለው ፎስፌት በ1963 ከነበረው ወደ 28 በመቶ ሲወርድ፣ የናይትሬትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከ80 በመቶ ገደማ ብዙም አልራቀም ነበር፤ አልጌው ግን ፎስፈረሱን ተከትሎ ቀነሰ። አንድ የቱቦ ቀበራ ሥራ፣ ክትትሉ በአግባቡ ስለተያዘ ብቻ፣ የሐይቅ ሳይንስን ክርክር ፈታ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እስከዚህ ብቻ ነው፤ እኔ ግን እዚህ ማቆም አልፈልግም። ከሐይቁ የተነሣው ፍሳሽ ጠፍቶ አልጠፋም። የሰሜኑ ወደ ዌስት ፖይንት ሄደ፤ በ1966 የተከፈተው ጣቢያ ፍሳሹን በመጀመሪያ ደረጃ ብቻ አጣርቶ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። የደቡቡ በ1965 በተከፈተው የሬንተን ጣቢያ ተጣርቶ ወደ ግሪን ወንዝ፣ ከዚያም ዱዋሚሽ ተብሎ በሲያትል ፋብሪካዎች መካከል ወደሚያልፈው ክፍል ወረደ። የአገሪቱ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ከሜትሮ ጋር ተስማምቶ የሬንተን ጣቢያ ከመከፈቱ በፊት፣ ከ1963 ጀምሮ፣ የዱዋሚሽን ውሃ መመዝገብ ጀምሮ ነበር። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም መነሻው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ወንዙም ያኔ አስቀድሞ በኢንዱስትሪ የቆሸሸ ስለነበር የተለካው መነሻ ራሱ ሕመምተኛ ነበር። የሬንተን ውሃ ከወንዙ ተነሥቶ በቱቦ ወደ ባሕር የተወሰደው በ1987 ነው። የታችኛው ዱዋሚሽም በ2001 ከአገሪቱ የከፉ የብክለት ቦታዎች መዝገብ ገባ። በሐይቁ ዳር የሚኖረው ባለ ሀብት ነበር፤ በዱዋሚሽ ዳር፣ በሳውዝ ፓርክና በጆርጅታውን፣ የሚኖረው ሠራተኛና ስደተኛ ነው። ለየትኛው ውሃ ረጅም መዝገብ እንደተያዘለት ማየት የከተማን የሀብት ካርታ እንደማየት ነው።

ከ1970 በኋላ ነገሩ በግለሰብ ሊቅ ትጋት ላይ መንጠልጠሉ ቀረና ሕግ ሆነ። የፌዴራሉ የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ በ1970 ሥራ ላይ ዋለ፤ ዋሽንግተን ግዛት በ1971 የራሱን አወጣ፤ የንጹሕ ውሃ ሕግ በ1972 ተከተለ። ከዚህ ወዲህ የግንባታ ባለቤት ከመቆፈሩ በፊት ጉዳቱን መገመት፣ በሚቆፍርበት ጊዜም መከታተል ግዴታው ነው። የጥያቄው ትኩረትም ተለወጠ። ኤድመንድሰን የመረመረው ግንባታው ሲያልቅ ሐይቁ ምን እንደሚሆን ነው፤ አዲሱ ሕግ ግን ቁፋሮው ራሱ፣ ቱቦው ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ስለሚያደርሰው ጉዳት ይጠይቃል።

በተግባር የሚሠራበት መንገድ ይህን ይመስላል። ዛሬ በዋሽንግተን ግዛት ከአንድ ኤከር በላይ መሬት የሚነካ ግንባታ የሠለጠነ የአፈር መሸርሸር ተቆጣጣሪ ሊኖረው ይገባል። ይህ ሰው ከግንባታው የሚወጣውን የዝናብ ውሃ በየሳምንቱ እየቀዳ ድፍርስነቱን ይለካል። መለኪያው ኤን.ቲ.ዩ. ይባላል፤ ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈው ደለል ብርሃንን ምን ያህል እንደሚበትን ያሳያል። ንባቡ ከ25 ካለፈ መከላከያው መሻሻል አለበት፤ 250 ከደረሰ በአንድ ቀን ውስጥ ለግዛቱ የሥነ ምኅዳር መሥሪያ ቤት በስልክ መነገር አለበት። ብዙ ኮንክሪት በሚሞላበት ቦታ ሌላ ልኬት ይጨመራል። ትኩስ ሲሚንቶ የነካው ውሃ እንደ አመድ ውሃ ይመርራል፤ ፒ.ኤች. የሚባለው ልኩ ከ8.5 ካለፈ የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላልና ወደ ወንዝ እንዲለቀቅ አይፈቀድም። ደለሉም ቢሆን ነገሩ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ ሳልሞን እንቁላሏን የምትጥለው በጠጠር መካከል ነው፤ ጭቃ ጠጠሩን ከደፈነው እንቁላሉ ትንፋሽ ያጣል። የፑጀት ሳውንድ ቺኑክ ሳልሞን በ1999 ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ከገባ ወዲህ ነገሩ ጠብቋል።

ከእነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ጥበብ የማይበት በውሃ ውስጥ ለሚሠራ ሥራ የተደነገገው ነው። ወንዙ ወይም ሐይቁ ከነበረበት ድፍርስነት ከ5 ኤን.ቲ.ዩ. በላይ መጨመር አይፈቀድም፤ ይህም የነበረው ከ50 ያልበለጠ ሲሆን ነው። ተቆጣጣሪው ከግንባታው በላይ፣ ገና ምንም ካልነካው ውሃ፣ ሳይቀዳ ከታች የቀዳው ናሙና ትርጉም የለውም ማለት ነው። የ1933ቱ ሐሳብ በየዕለቱ ሥራ ውስጥ ገባ፦ ሁለት ጠርሙስ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። በዚህ ሥርዓት ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው። ጠርሙሱን የሚሞላው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደመወዙን የሚያገኘው ከተቋራጩ ነው። ሕጉ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን አድርጓል። ክፍት መዝገብ ግን የሚያነብ ሲኖር ነው።

ሰዎች ሊለኩት ያላሰቡትን ምድር ራሱ ያሳየበትም ጊዜ አለ። ዌስት ፖይንት በመጀመሪያ ደረጃ ማጣሪያ ብቻ መቅረቱን ሕጉ ስላልፈቀደ፣ ሜትሮ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጣቢያውን ማስፋፋት ጀመረ። በ1992 የቁፋሮ ማሽኖች ከሙሌት አፈር ሥር የዛጎል፣ የዓሣ አጥንትና የእሳት ምድጃ ድንጋይ ክምር ላይ ደረሱ። ሥራው በዚያ ክፍል ቆሞ አርኪዮሎጂስቶች ገቡ። የተገኘው ከ4,000 ዓመት በላይ ሰዎች እየተመላለሱ ዓሣ ያሰገሩበትና ዛጎል የለቀሙበት ሰፈር ነበር። የነባሮቹ ሕዝቦች፣ የሱኳሚሽና የማክልሹት ወራሾች፣ ጉዳዩ የራሳቸው ነውና ድምፅ ነበራቸው። በዚያው ቁፋሮ ግድግዳ ላይ የጂኦሎጂ ሰዎች ሌላ ነገር አነበቡ፦ በአንድ ወቅት ረግረጉ ቢያንስ አንድ ሜትር ሰምጦ በላዩ የባሕር አሸዋ ተነጥፎበታል። ከ1,000 ዓመት በፊት የሲያትልን ምድር የሰነጠቀው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና ያስነሣው የሱናሚ ማዕበል አሻራ ነው። ሲያትል በእግሯ ሥር ስላለው አደጋ ከምታውቀው ውስጥ ቀላል የማይባለው ከፍሳሽ ጣቢያ ጉድጓድ የወጣ ነው። የመሬት መንቀጥቀጡ አሻራ ቁፋሮውን አላገደም፤ ከዚያ በኋላ የሚገነባው ሁሉ ግን ስለ ስንጥቁ መጠየቅ ግድ ሆነበት።

ያ ግዴታ በብራይትዋተር ፕሮጀክት ላይ ታየ። በ1994 ሜትሮን የጠቀለለው ኪንግ ካውንቲ ሦስተኛውን ትልቅ ጣቢያ ከሲያትል ሰሜን ምሥራቅ ለመሥራት ሲነሣ፣ በቦታው አቅራቢያ የመሬት ስንጥቅ እንዳለ ተሰማ። የሰፈሩ ነዋሪዎች ተከራክረው ተጨማሪ የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት እንዲደረግ አስወሰኑ። ግንባታው በ2006 ተጀመረ፤ ጠቅላላ ወጪው ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ከጣቢያው እስከ ባሕሩ 21 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ በአራት ማሽኖች ተቆፈረ፤ ጥልቀቱ ቦታ ቦታ ላይ ከ130 ሜትር ይበልጣል።

በብራይትዋተር ሁለት ክትትሎች ተካሂደዋል፤ ማነጻጸሩ ይጠቅማል። አንደኛው በባሕሩ ዳር ነበር። የተጣራውን ውሃ ወደ ጥልቁ የሚወስደው ቱቦ ፖይንት ዌልስ በተባለው ቦታ የባሕር ሣር የሚበቅልበትን ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ማቋረጥ ነበረበት። ይህ ሣር የትንንሽ ዓሦችና የሸርጣን መጠለያ ነው። ስለዚህ ከቁፋሮው ዓመታት አስቀድሞ ጠላቂዎች ሣሩን ቆጠሩ፤ ከፊሉን ነቅለው በሴኩዊም የባሕር ምርምር ጣቢያ ገንዳዎች ውስጥ አራቡት፤ ቱቦው ከተቀበረ በኋላ ወደ ቦታው መልሰው ተከሉት፤ ከዚያም ለዓመታት እየጠለቁ ቆጠሩት። ቀርፋፋና ሰልቺ ሥራ ነው፤ የሣር ዘለላ በሰው እጅ፣ በቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ፣ አንድ በአንድ።

ሁለተኛው ከምድር በታች ነበር። ዋሻ የሚቆፍር ማሽን ከሚተካው ቦታ በላይ አፈር ከጠባ ከላዩ ባዶ ይፈጠራል። ይህን ለማወቅ የሚወጣው አፈር ይመዘናል፤ በላይ ያለው መሬትም በመለኪያ ነጥቦች ይጠበቃል። በመጋቢት 2009 በዋሻው መስመር ላይ በአንድ መኖሪያ ቤት ደጃፍ መሬቱ ተደርምሶ ጉድጓድ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ሁለት ማሽኖች ተጎድተው ቆሙ፤ አንደኛው ፈጽሞ አልቀጠለም፤ ቀሪውን ከባሕር በኩል ይመጣ የነበረው ሌላ ማሽን ጨረሰው። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2012 የዳኝነት ጉባኤው ለካውንቲው ከ155 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደ። ከ1957ቱ የራቬና ጉድጓድ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ያኔ አሸዋው ለአሥርተ ዓመታት ሲጠባ ማንም አላወቀም፤ አሁን ደግሞ ማን ምን ያህል አፈር መቼ እንዳወጣ የሚናገር መዝገብ ስለነበረ ክርክሩ በማስረጃ ሆነ። ያም ሆኖ ጉድጓዱ ተከፍቷል። መለኪያ ያለ ሥልጣን መሬትን አይደግፍም፤ ንባቡን ያየው ሰው ማሽኑን ማስቆም ካልቻለ መዝገቡ የሚጠቅመው ለጠበቃ ብቻ ነው።

ይህን ስጽፍ አዲስ አበባ ከሐሳቤ አልወጣችም፤ የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎችም ብዙዎቹ እንደ እኔ ሁለቱን ከተሞች በአንድ ዓይን እንደሚያዩ እገምታለሁ። በአገራችን የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወጥቶ የተፈቀደ ፕሮጀክት የገባውን ግዴታ መፈጸሙ ክትትል እንዲደረግበት ደንግጓል። የቃሊቲ አዲሱ ማጣሪያ ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተሠርቶ በ2018 ተመርቋል፤ ከዚያም ወዲህ በወንዞቹ ዳር ሰፊ ግንባታ ተካሂዷል። ሕጉ አለ፤ ግንባታውም አለ። ለቀበናና ለአቃቂ ወንዞች የሚያስፈልገው የ1933 ዓይነት ሰው ነው፦ ማንም ሳያዝዘው፣ ከቁፋሮው ዓመታት አስቀድሞ፣ በየወሩ ጠርሙሱን ይዞ የሚወርድ፣ ውጤቱንም ማንም ሊያነብበው በሚችልበት ቦታ የሚያስቀምጥ። ይህ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአቅም በላይ አይደለም፤ የኤድመንድሰን ነጭ ሰሌዳም ውድ መሣሪያ አልነበረችም።

በሲያትል ያለው ሥራ ዛሬም አልተቋጨም። አሮጌው የከተማ ክፍል የዝናቡንና የቤቱን ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ስለሚያስተላልፍ፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ትርፉ ሳይጣራ ወደ ውሃ ይፈስሳል። በ2013 ከተማይቱና ካውንቲው ከፌዴራል መንግሥት ጋር በፍርድ ቤት በጸና ስምምነት ይህን ሊያስቀሩ ተስማሙ። ከስምምነቱ ከመጡት ሥራዎች ትልቁ ከባላርድ እስከ ዎሊንግፎርድ የተዘረጋው 4.3 ኪሎ ሜትር ዋሻ ነው። ነዋሪዎች በድምፅ ማድሃኒ ብለው በአንድ የከተማይቱ የሮክ ባንድ ስም የሰየሙት ማሽን በ2021 መቆፈር ጀምሮ በ2023 ጨረሰ፤ ዋሻው ወደ 29 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ፍሳሽ አቁሮ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ዌስት ፖይንት ይልካል። ማሽኑ የዓሣ መተላለፊያ በሆነው የመርከብ ቦይ አጠገብ ሲያልፍ፣ ከላይ የቤቶቹ መሠረትና የመንገዱ ከፍታ በመለኪያ ይጠበቅ ነበር።

ዋሻው ሥራውን መሥራቱ የሚታወቀው ግን በምርቃቱ ቀን አይሆንም። የግዛቱ ደንብ እያንዳንዱ የትርፍ ማስወጫ በዓመት በአማካይ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳያፈስስ ያዝዛል፤ አማካዩ የሚሰላውም በ20 ዓመት መዝገብ ላይ ነው። ዛሬ በማስወጫው አፍ ላይ የተተከለው መቁጠሪያ የሚጽፈው ቁጥር ከማሽኑ በፊት ከነበሩት ዓመታት ቁጥር ጋር ተደምሮ ይካፈላል። ኤድመንድሰን በ2000 አርፏል፤ የዋሽንግተን ሐይቅን ውሃ ግን የካውንቲው ሰዎች ዛሬም በጀልባ እየወጡ ይቀዳሉ፤ ነጭ ሰሌዳዋንም ያወርዳሉ።